ዐይናችሁ ነጯ ላይ ይሁን፦ የፑል ዳኝነትና የተጫዋች አቋም ከድሬ ሲታይ

ድሬዳዋ ተቀምጦ ትልልቅ የፑል ውድድሮችን ለሚከታተል ሰው ሰዓቱ ብዙም አያስቸግርም። የጅዳ ሰዓት የእኛው ነው። ሃኖይ ላይ ማታ 2 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ጫቱን ይዞ ለተቀመጠ ሰው ታስቦ የተመደበ ይመስላል። እንግሊዞች በብርዱ ወራት ማታ 2 ሰዓት ሲጀምሩ ግን ለእኛ 5 ሰዓት ነው፤ ማምሸት ግድ ይላል። ጨዋታው ሲያልቅ ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ሐረር አራተኛም ቢሆን፣ ፑል ቤት ውስጥ የሚነሳው ክርክር ያው ሁለት ነው፦ «አቦ ዳኛው ዐይን የለውም እንዴ!» እና «ሰውዬው አልቆለታል»።

ሁለቱም ክርክር የሚበላሸው በአንድ ምክንያት ነው። ተመልካቹ ባለ ቀለሟን ኳስ እስከ ጉድጓዱ ድረስ በዐይኑ ይሸኛታል፤ ነጯ፣ ማለትም በእስቲኩ የምትመታዋ ኳስ፣ ምን እንዳደረገች አያይም። ፋውል መኖር አለመኖሩም፣ ተጫዋቹ ጥሩ አቋም ላይ መሆን አለመሆኑም የሚነበበው ግን ነጯ ላይ ነው።

ከዳኝነቱ ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚጣላበት ድርብ ምት ነው። ነጯና የምትመታው ኳስ በጣም ተቀራርበው፣ ግን ሳይነካኩ ቆመዋል እንበል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ቾክ (የእስቲኩ ጫፍ ከሚቀባው ኩብ) ወርድ ያነሰ ከሆነ ዳኛው ከምቱ በፊት ቀርቦ ጎንበስ ማለት አለበት። ተጫዋቹ እስቲኩን ቀጥ አድርጎ ወደፊት ከገፋ፣ ነጯ ሌላኛዋን ነክታ ቀጥ ትላለች፤ እስቲኩ ግን ገና ወደፊት እየሄደ ስለሆነ ጫፉ ነጯን ድጋሚ ያገኛታል። ይህ ፋውል ነው። የሚፈጸመው በቅጽበት ስለሆነ ምቱን ራሱን በዐይን መያዝ አይቻልም፤ ዳኛው የሚፈርደው ከምቱ በኋላ ነጯ በምታሳየው ነው።

እንዴት? ሁለት እኩል ክብደት ያላቸው ኳሶች ፊት ለፊት ሲጋጩ የመጪዋ ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል ወደ ቆመችው ይተላለፋል። ስለዚህ በትክክል የተመታች ነጭ ኳስ ከግጭቱ በኋላ ለአፍታም ቢሆን ትቆማለች። ከላይ ተመትታ ወደፊት የመሽከርከር ኃይል ካላት፣ ከዚያች አፍታ በኋላ ጨርቁን እየቆነጠጠች ቀስ ብላ ትነሳና ትከተላለች። ይህ ንጹሕ ምት ነው። ነጯ ሳትቆም፣ ከፊቷ ካለችው ኳስ ጋር እኩል ፍጥነት ይዛ ከኋላዋ ከተመመች ግን ሁለት ጊዜ ተመትታለች፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ምቱ በጎን በኩል ከሆነ ደግሞ ነጯ በግጭቱ ነጥብ ላይ ወደ ጎን በሚዘረጋው መስመር መውጣት ይጠበቅባታል። ያንን መስመር ከግማሽ ኳስ በላይ አልፋ እስቲኩ ወደጠቆመበት ከሄደች ፋውል ነው። ድምፁም ይረዳል፤ ጥርት ያለ አንድ «ቷ» ሳይሆን የተደራረበ «ትርክ» ይሰማል። በድምፅ ብቻ መፍረድ ግን አይመከርም፤ ሙዚቃ በተከፈተበት ቤት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ይህን ምት ያለ ፋውል ለመምታት የሚፈልግ ሦስት መንገድ አለው። አንዱ የእስቲኩን ኋላ ከፍ አድርጎ አጭርና ፈጣን ምት መምታት ነው፤ ጫፉ ነጯን ተከትሎ እንዳይገባ ያደርጋል። ሁለተኛው የፊቷን ኳስ በቀጭኑ፣ ዳር ዳሯን መላስ ነው፤ ነጯ መንገዷን ሳትለቅ ስለምታልፍ እስቲኩ አይደርስባትም፣ ሕጉም እንዲህ ያለውን ቀጭን ንክኪ እንደ ንጹሕ ይቆጥረዋል። ሦስተኛው ሐሳብን ቀይሮ ሌላ ምት መፈለግ ነው። ፑል ቤቶቻችን ውስጥ ብዙ ሰው አራተኛውን ይመርጣል፤ ገፍቶ መትቶ መጨቃጨቅ።

አሁን ነገሩን የሚገለብጠው፦ ሁለቱ ኳሶች ከምቱ በፊት የተነካኩ ከሆነ ወደ ኳሷ ቀጥታ መምታት ይፈቀዳል። ነጯ ብትከተልም ፋውል የለም። ስለዚህ «ነክታለች ወይስ አልነካችም» የሚለው ጥያቄ ከምቱ በፊት ተዘግቶ ጮክ ተብሎ መነገር አለበት። ማየት ቀላል ነው፤ ዐይንን እስከ ጨርቁ ድረስ ዝቅ አድርጎ ከሁለቱም ጎን ክፍተቱን ማየት፣ አምፖሉ ደካማ ከሆነ ደግሞ ከወዲያኛው በኩል የስልክ መብራት ማብራት። ብርሃን ከገባ አልነካችም። ለውድድር ጠረጴዛ የሚመከረው ብርሃን ቢያንስ 520 ሉክስ ነው፤ ከጠረጴዛው በላይ አንዲት አምፖል ያንጠለጠለ ቤት እዚያ አይደርስም፣ የኳሶቹ ጥላም ክፍተቱን ይደፍነዋል።

የኳስ ከጠርዝ ጋር መነካካትም እንዲሁ ነው። በዘጠኝ ኳስም በስምንት ኳስም (ሁለቱ የፑል ጨዋታ ዓይነቶች) ነጯ ትክክለኛዋን ኳስ ከነካች በኋላ ወይ አንድ ኳስ መግባት አለበት፣ ወይ ከኳሶቹ አንዱ፣ ነጯም ብትሆን፣ ጠርዝ መንካት አለበት። ለመደበቅ፣ ማለትም ለተጋጣሚ የሚመች ኳስ ላለመተው፣ ተብሎ በለሆሳስ የሚመታ ምት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ኳሷ ጠርዙ ጋ ልትደርስ ስትል ትሞታለች። ቀድሞም ጠርዙ ላይ ተለጥፋ የነበረች ኳስ ደግሞ እዚያው ተጭና ብትቀር እንደነካች አይቆጠርም፤ ሌላ ጠርዝ ማግኘት አለባት፣ ወይም ነጯ ከንክኪው በኋላ ጠርዝ መምታት አለባት። «ተለጥፋለች» ብሎ ቀድሞ ያላሳወቀ ዳኛ ወይም ተጋጣሚ ኋላ ላይ ቢጮህ ዋጋ የለውም፤ ያልታወጀች ኳስ እንዳልተለጠፈች ትቆጠራለች።

ነጯ ሁለት ኳስ በአንድ ጊዜ የመታች ሲመስል ማን ቀደመ የሚለው ሌላው ራስ ምታት ነው። ዳኛው ከመቺው ጀርባ ከቆመ ምንም አያይም፤ ጠጋ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ግጭቱ የሚሆንበትን ቦታ ከጎን ማየት አለበት። ሁለቱ ኳሶች ለነጯ እኩል በሚባል ርቀት ላይ ከነበሩ፣ ግራዋ ቀድማ ከተመታች ነጯ ወደ ቀኝ ትገፋለች፣ ግራዋም ከቀኟ ፈጥና ትሄዳለች። ይህም ሆኖ ካልለየ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ጥርጣሬው ለመቺው ይፈረዳል፣ ትክክለኛዋ ቀድማ እንደተመታች ይወሰዳል። ቴሌቪዥን ላይ ዳኛው ምልክት ሳይሰጥ ዝም ሲል «ደነዘዘ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው። ዝምታው ራሱ ውሳኔ ነው።

ከፑል ዳኝነት ተነስተው ሩቅ የሄዱ አሉ። ስኮትላንዳዊቷ ሚኬላ ታብ በፑል ዳኝነት ስሟን ካስጠራች በኋላ በ2009 የዓለም ስኑከር ሻምፒዮናን ፍጻሜ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። የእሷን ቀረጻዎች የሚያይ ሰው ፍርዷን ከማየት ይልቅ እግሯን ቢከተል ይጠቀማል፦ ምቱ ሳይመታ የት ቆማለች፣ ከተጫዋቹ ዐይን መስመር እንዴት ትወጣለች፣ ሳትሮጥ እንዴት ቀድማ ትደርሳለች።

የሰፈር ውድድር ለሚያዘጋጁ ሁለት ነገር ልጨምርና ልለፍ። በዘጠኝ ኳስ በተከታታይ ሦስት ፋውል የሠራ ጌሙን ይሸነፋል፤ ግን ከሁለተኛው በኋላ «ሁለት ላይ ነህ» ተብሎ ካልተነገረው ሦስተኛው አያስከፍለውም። ይህን የማያውቅ ዳኛ ሁለቱንም ወገን ያስቆጣል። ሁለተኛ፣ ዳኛ በሌለበት ጨዋታ ተጋጣሚው ነው ዳኛ። አጠራጣሪ ምት ሲመጣ ከምቱ በፊት «ቆይ፣ ሰው ይይልን» ብሎ ሦስተኛ ሰው መጥራት መብቱ ነው፤ ሳይጠራ ከቀረ የመቺው ቃል ይጸናል።

ወደ አቋም ስመጣ፣ «አልቆለታል» ከማለት በፊት መቁጠር ያስፈልጋል። በ2024 ጅዳ ላይ ፌዶር ጎርስት ኤክለንት ካቺን 15 ለ14 አሸንፎ የዘጠኝ ኳስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2025 እዚያው ጅዳ ላይ በካርሎ ቢያዶ 15 ለ13 ተሸነፈ። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ስለ ጎርስት መውረድ አወራ። የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሶ ሁለት ጌም የጎደለውን ሰው ወርዷል ማለት ለእኔ ቀልድ ነው። ቢያዶም ቢሆን አዲስ ሰው አይደለም፤ በ2017 የዓለም ሻምፒዮን ነበር፣ በ2021 የዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ላይ ደግሞ በአሎይሲየስ ያፕ 8 ለ3 ከተመራ በኋላ 10 ጌም በተከታታይ ወስዶ 13 ለ8 አሸንፏል። በ8 ለ3 ላይ ጨዋታውን አቋርጦ የተነሳ ተመልካች ስለ ቢያዶ አቋም ምን ብሎ ይሆን?

ነገሩ ሒሳብ ነው። አንድ ተጫዋች ከተጋጣሚው ጥቂት የሚበልጥ፣ ከ100 ጌም 55ቱን የሚያሸንፍ ነው እንበል። አንድ ጌም ብቻ ቢጫወቱ የማሸነፍ ዕድሉ ያው 55 በመቶ ነው። 5 ጌም ቀድሞ ለደረሰ ከሆነ 62 በመቶ ገደማ ይሆናል። እስከ 9 ሲሆን 66፣ እስከ 15 ሲሆን 71 በመቶ ገደማ። ማለትም እስከ 15 በሚዘልቅ ፍጻሜ እንኳ የተሻለው ሰው ከአሥር ሦስቱን ጊዜ ያህል ይሸነፋል። በ1996 ሆንግ ኮንግ ላይ ኤፍረን ሬይስና ኧርል ስትሪክላንድ እስከ 120 ጌም ተጫውተው ሬይስ 120 ለ117 ነው ያሸነፈው፤ ያን ያህል ተጫውተው በሦስት ጌም ተለያዩ። እኛ ጋ ደግሞ የተሸነፈ ሒሳብ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ጠረጴዛው ላይ ይቆያል፤ አንድ ጌም ነው። በአንድ ጌም የሰፈሩን አንደኛ መለየት ከሎተሪ ብዙም አይርቅም። ውድድር የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ቢያንስ እስከ 5 አድርጉት።

የደረጃ አሰጣጥ ዘዴዎቹም በዚህ ምክንያት ዋንጫ አይቆጥሩም። ፋርጎሬት የሚያየው የጌሞችን ውጤት ነው፤ በመካከላቸው 100 ነጥብ ልዩነት ያላቸው ሁለት ተጫዋቾች ሲገናኙ የበላዩ ለእያንዳንዱ የተጋጣሚው ጌም ሁለት እንደሚወስድ ይጠበቃል። አኩስታትስ የሚባለው ሌላው ዘዴ ከዚህም ይቀላል፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃዋል። ያስገባቸውን ኳሶች ቁጥር፣ ለገቡትና ለስህተቶቹ ድምር ማካፈል ነው። 54 ኳስ አስገብቶ 6 ስህተት የሠራ 54 ለ60፣ ማለትም 0.900 አለው፤ ይህ የዓለም ደረጃ አቋም ነው። ስህተት የሚባለው መሳት ብቻ አይደለም። ኳሷን አስገብቶ ነጯን ለቀጣዩ በማይመች ቦታ መጣል ስህተት ነው፣ ተደብቄያለሁ ብሎ ተጋልጦ መቅረት ስህተት ነው፣ ሲበትኑ፣ ማለትም በመክፈቻው ምት፣ ነጯን ጉድጓድ መክተትም ስህተት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አቋምን ቀድሞ የሚያሳብቀው የነጯ ቦታ ነው። ጥሩ ቀን ላይ ያለ ተጫዋች አስቸጋሪ ምት ሲመታ ብዙም አታዩትም፤ ነጯ ሁልጊዜ ከቀጣዩ ኳስ አጠገብ፣ ከትክክለኛው ጎን ትቆምለታለች። አቋሙ የወረደ ተጫዋች ደግሞ ለጊዜው ኳሶቹን ማስገባቱን አያቆምም፤ ነጯ አንድ ስንዝር ትርቃለች፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በሦስተኛው ምት ከጠርዝ ወደ ጠርዝ መጓዝ ግድ ይሆንበታል፣ በአራተኛው ይስታል። ተመልካቹ አራተኛውን ብቻ አይቶ «ቀላሉን ሳተ» ይላል። ስህተቱ የተሠራው ከሁለት ወይም ሦስት ምት በፊት ነው።

ሲበትኑም ነጯን እዩ። በዘጠኝ ኳስ ጎበዝ በታኝ ነጯን መሐል ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ያደርጋታል። አንዷን (ቁጥር 1 ኳስን) ከመሐል ስቶ ከመታት ነጯ ወደ ጎን ትበርና ሌሎች ኳሶች ሲመላለሱ ይዘዋት ጉድጓድ ይገባሉ። በትልልቆቹ ውድድሮች ዘጠኟን (ቁጥር 9 ኳስን) ጨርቁ ላይ ባለው የመደርደሪያ ነጥብ ላይ አድርጎ መደርደር የተጀመረው መበተኑ እንዲከብድ ነው፤ አንዷ ነጥቡ ላይ ስትሆንና ድርድሩ ጥብቅ ሲሆን የዳሯ ኳስ በቀጥታ ወደ ማዕዘኑ ጉድጓድ እየገባች ጨዋታውን አሰልቺ አድርጋው ነበር። አሁን የሚታለመው አንዷን ወደ መሐል ጉድጓድ መክተት ነው። ኳስ ሳይገባለት ከቀረ አቋሙ ወረደ ከማለት በፊት ድርድሩን ማየት ይገባል፤ በሁለት ኳስ መካከል የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ካለ ኃይሉ እዚያው ይበላል።

ሼን ቫን ቦኒንግ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዩኤስ ኦፕንን አምስት ጊዜ ያሸነፈ፣ በመበተን ጉልበቱ የሚፈራ ሰው፣ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ያገኘው ግን በ2022 ነው። ያን ሁሉ ዓመት «ለትልቁ ዋንጫ አይሆንም» ሲባል ኖሯል።

የእኛን ጠረጴዛ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያነጻጽርም ሁለት ቁጥር ይያዝ። የውድድር ጠረጴዛ መጫወቻው 254 በ127 ሴንቲሜትር ነው። የማዕዘን ጉድጓድ አፍ በዓለም አቀፉ ሕግ ከ11.43 ሴንቲሜትር ይጀምራል፣ በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ ትልልቅ ውድድሮች ደግሞ ወደ 10.16 ጠቧል። የኳስ ስፋት 5.715 ስለሆነ ያለ ሜትር መለካት ይቻላል፦ ሁለት ኳስ ጎን ለጎን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጡ። ልክ ልክ ከገቡ 11.43 ነው። በጠበበው ጠረጴዛ ጭራሽ አይገቡም። ሁለቱ ገብተው ጣት የሚያስገባ ቦታ ከተረፈ፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያስገባችሁትን ይዛችሁ የቴሌቪዥኑን ሰው «ይሄን እንዴት ይስታል» አትበሉ።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሙቅና ደረቅ ከተማ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ሆና ትቀዘቅዛለች። ጨርቅ ሲደርቅ ነጯ ረዘም ትሄዳለች፣ እርጥበት ሲይዝ ትከብዳለች፤ ስለዚህ ከሐረር ወርዶ ድሬ ላይ የሚጫወት ሰው የመጀመሪያዎቹን ጌሞች ነጯን እያሳለፈ ቢበላሽበት አይገርምም፣ ከጨዋታው በፊት ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ደጋግሞ እየመታ ርቀቱን ቢለካ ይሻለዋል። የድሬ ትልቁ ጠላት ግን አቧራው ነው። በር ተከፍቶ፣ ቬንትሌተር እየዞረ፣ የቾክ ብናኝ ተጨምሮበት ኳሶቹ ይቆሽሻሉ። የቆሸሹ ኳሶች ሲጋጩ ለቅጽበት ይያያዛሉ፤ የምትመታዋ ኳስ ካሰቡላት መስመር ወጥታ ትሄድና ጉድጓዱን ትስታለች። ቴሌቪዥን ላይ ዳኛው ነጯን ደጋግሞ የሚጠርገው ለዚህ ነው። ላብ ሲያስቸግር እጅ ላይ ፓውደር መነስነስም ነገሩን ያባብሰዋል፤ ፓውደሩ ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ከጨርቁ ወደ ኳሶቹ ይሄዳል። እስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው ማድረቅ፣ ወይም ጓንት ማድረግ ይሻላል። ኳሶቹን ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል፤ ውድድር ባለበት ቀን ደግሞ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከፍጻሜው በፊት አንድ ጊዜ። ጨርቁም ብሩሹ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂድበት፣ ኳስ ከመደርደሩ በፊት።